«ስንት ብር ልበላቸው?»

ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን አንዲት ልጅ በስልኬ መልእክት ላከችልኝ። ወላጆቿ መንዝ ናቸው፤ እሷ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው። አያቷን አውቃቸዋለሁ። መልእክቷ አጭር ነው። «ጋሼ፣ ምደባዬ ወጥቷል። እቤት ስንት እንደሚያስፈልገኝ እየጠየቁኝ ነው። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ነው፤ ስንት ብር ልበላቸው? ትንሽ ከፍ ባደርገው ይሻላል አይደል?»

ልመልስላት ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ። መጓጓዣ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የኪስ ገንዘብ ብዬ ወደ ታች ጻፍኩ። የድምሩን መስመር አሰመርኩና እጄ እዚያው ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሌላ ሰው ድምር ስመረምር የኖርኩ ኦዲተር ነኝ፤ የዚያን ቀን አራት ቁጥር መደመር አቃተኝ። «ትንሽ ከፍ ባደርገው» የምትለዋን ነገር እኔም በ1974 ዓ.ም. በሆዴ ብያታለሁ። ልዩነቱ ይህች ልጅ ሰው መጠየቋ ነው። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም።

መልሷን በሦስተኛው ቀን ሰጠኋት። ሦስቱን ቀን ምን ሳስብ እንደቆየሁ ግን አልነገርኳትም፤ ለእሷም፣ ምክር ጻፍላቸው ለተባልኩት ለእናንተ ለአዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሁን ልጻፈው። አጥኑ፣ ክፉ ጓደኛ አትያዙ፣ ከመጠጥና ከጫት ራቁ የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን እናቶቻችሁ ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ነግረዋችኋል፤ ካልሰማችኋቸው እኔንም አትሰሙኝም።

የተወለድኩት መንዝ ማማ ምድር፣ ከመዘዞ ወደ ሞላሌ ሲሄዱ ከመንገዱ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ በአርበኛው በደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተሰየመው ትምህርት ቤት ነው። አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ስንቃችንን ገብስ ቆሎና በሶ ከየቤታችን እየተሸከምን፣ ቅዳሜ ኩበት ገዝተን፣ በአንድ ምጣድ ተራ እየገባን ነበር የምንኖረው። ከመንደሬ እስከ ጣርማ በር ሙሉ ቀን በእግር ነው። እዚያ ጉም ውስጥ ተኮራምተን ከደሴ የሚመጣ የጭነት መኪና እንጠብቃለን። ጣልያን የፈለፈለው 587 ሜትር ዋሻ አለ አይደል? መኪናው ከዓይን በፊት በጆሮ ነበር የሚመጣው፤ ከተራራው ሆድ ውስጥ ጉርምርምታው ይሰማና «ኤንትሬ ፊያት ነው»፣ «አይደለም፣ ሌላ ነው» እያልን እንከራከራለን። ያሸነፈ ጋቢና ውስጥ ለመግባት ቅድሚያ አለው። ሾፌሩ ግን ስለ ውርርዳችን ምን ገዶት፤ ሁላችንንም ከጭነቱ ላይ ነው የሚሰቅለን።

የማትሪክ ውጤቴ በነሐሴ 1973 ዓ.ም. መጣ፤ ጥሩ ነበር። ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ሁለት ነው፤ የአዲስ አበባና የአሥመራ። ደብረ ብርሃን የራሷን እስክትከፍት ገና ሃያ አምስት ዓመት ይቀራል። ጥሪው በፖስታ ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል፤ እኛ የሩቆቹ ደግሞ ወደ ከተማ የወጣ የአገር ሰው እንዲያመጣልን እንጠብቃለን። እኔም ጠበቅኩ። ጳጉሜን አለፈች፤ እንቁጣጣሽ አለፈ። በመስቀል ማግስት ባና ሊሸጥ ደብረ ብርሃን የወጣ ጎረቤታችን ከበራፋችን ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ዝናብ ጠጥቶ አልፈታ ብሎት በጥርሱ ሲታገል ትዝ ይለኛል። እኔ አላገዝኩትም። እጄ ታስሮ ነበር የቆምኩት።

ደብዳቤው በስቴንስል የተባዛ ነው፤ ለሁሉም አንድ ነው ማለት ነው። ስሜ ብቻ በባዶው ቦታ ላይ በሰማያዊ ቀለም በእጅ ተሞልቷል። ዝናቡ የስሜን መጨረሻ ፊደል ነክቶት ቀለሙ እንደ ጢስ ተበትኗል። ከግርጌው ወይን ጠጅ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር «ኢትዮጵያ ትቅደም»።

በቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ብትገባም ገና ፊደል ነበር የምታጣምረው። አባቴ ምድጃው አጠገብ፣ እናቴ ባዘቶዋን ይዛ፣ ጎረቤታችን በር ላይ ሆነው «እስቲ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩ። በዩኒቨርሲቲው እንደተመደብኩ፣ ምዝገባው በጥቅምት በዚህ ቀን እንደሆነ፣ ማደሪያና ምግብ በመንግሥት እንደሚሰጥ፤ ስመጣም የትምህርት ማስረጃዬን፣ ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ይዤ እንድቀርብ።

እዚህ ላይ ደብዳቤው አለቀ። እኔ ግን አላቆምኩም። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ፣ በዚያው በመንግሥት ቋንቋ፣ ድምፄንም ሳልለውጥ፣ «እንዲሁም ለልዩ ልዩ ወጪ ብር አንድ መቶ ሃያ ይዞ እንዲቀርብ» ብዬ ጨመርኩ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር ባየሁ ቁጥር የምነቃው ለዚህ ነው። ወጣት ኦዲተሮች ሲጠይቁኝ በልምድ ነው እላቸዋለሁ። ሰው ሲሰርቅ ዕቃ ግዥ ላይ ይሰርቃል ብላችሁ አትድከሙ፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ቅጽ አለው፣ ይገናኛል። ስም የሌለው ወጪ ነው አስቸጋሪው። ይህን በሥልጠና የተማርኩት ይመስላቸዋል።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ጫማ ፈልጌ ነው። ደብረ ብርሃን አራት ዓመት የተማርኩት በላስቲክ ጫማ ነበር፤ በውርጭ ጊዜ የሚደርቅ፣ በዝናብ ጊዜ የሚዋኝ። የከተማ ልጆች ቆዳ ጫማቸውን በመሐረብ ሲወለውሉ አይ ነበር። አዲስ አበባ በላስቲክ ጫማ አልገባም ብዬ ምዬ ነበር። «አባባ፣ ጫማ ግዛልኝ» ብለው ሊገዛልኝ ይችል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ለጫማ ብሎ መለመን አሳፈረኝ፤ ደብዳቤው ቢጠይቅልኝ ግን አላሳፈረኝም።

አባቴ ዝም አለ። ከዚያ «መቶ ሃያ ነው የሚለው? እስቲ ደግመህ አንብበው» አለኝ።

ደግሜ አነበብኩት። ቃል በቃል፣ «ይዞ እንዲቀርብ» የሚለውን ሳይቀር። የመጀመሪያውን አፍ አምልጦኝ ነው ልል እችላለሁ፤ ለብዙ ዓመታትም ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ለሁለተኛው ምክንያት አጥቼለታለሁ።

እናቴ ባዘቶዋን አስቀመጠችና «ጊደሯ የልጅቷ ናት» አለች። ማንም ስለ ጊደር አላነሣም ነበር፤ እሷ ግን የአባቴ ዓይን በበሩ በኩል ወዴት እንደሄደ አይታለች። ጊደሯ ቀይ ቦቃ ነበረች። እናቷ ስትወልዳት «ይህች የእሷ ትሁን» ተብላ ለእህቴ ተሰይማለች፤ ሣር የምታጭድላት፣ መዥገር የምትለቅምላት እህቴ ናት። አባቴ «ልጁ ሲማር ሁላችንንም ነው» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። እህቴ ከምድጃው ማዶ አመድ በስንጥር እየጫረች ነበር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር፤ እላለሁ እንጂ አልናገርም ነበር።

በገበያ ቀን ጊደሯ 115 ብር አወጣች። አምስቱን ብር እናቴ ከየት እንዳመጣች አልጠየቅኩም። አባቴ ፊደል አያውቅም እንጂ ሒሳብ ያውቃል፤ ብሩን በምድጃው ድንጋይ ላይ አሥር አሥር እያደረገ በየክምሩ አናት አንዳንድ የገብስ ፍሬ አኖረ። አሥራ ሁለት ፍሬ። ከዚያ ፍሬዎቹን ሰብስቦ ወደ አፉ ወረወረና ብሩን ሰጠኝ።

መሄዴ ሲቃረብ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ሊመርቁኝ መጡ። ደብዳቤውን አባቴ በኩራት አውጥቶ ሰጣቸው። ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ እንደገና አርቀው ያዙት። እኔ ያን ጊዜ እግሬ ከመሬት አልተነሣም እንጂ ሸሽቻለሁ። የኔታ «የታይፕ ጽሕፈት ለዓይኔ ይደክመኛል» ብለው መለሱለትና ግንባሬን በመስቀል ነክተው «እግዚአብሔር ያሳድግህ» አሉኝ። ዓይናቸው ዳዊት ከመድገም ቦዝኖ አያውቅም ነበር። አንብበውት ይሆን? አባቴ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ለማንም አላስነበበውም። ጎረቤት «ለቄሱ አሳየው እንጂ» ሲለው «ልጄ እያለልኝ ለማን ነው የማስነብበው» ሲል ሰምቻለሁ።

መርካቶ ገብቼ ጥቁር ጫማ በ32 ብር ገዛሁ። ሱሪና ሸሚዝ ጨመርኩ፤ የቀረው በሁለት ወር ውስጥ በሻይና በሲኒማ አለቀ። የጫማው ተረከዝ ለገና በዓል እንኳ ሳይደርስ ተገነጠለ። እዚህ ላይ «ጫማው ለምንም አልጠቀመኝም» ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ውሸት ይሆናል። ስድስት ኪሎ በገባሁበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንበሶቹ ሌሊት ሲያገሱ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እኔ ብቻ የማላውቅ መስሎኝ ወደ አገሬ ልመለስ ያሰብኩበት ቀን ነበር። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ፤ ቀረሁ። ስለዚህ ያ ገንዘብ ባክኗል ለማለት አፌን ሞልቼ አልችልም። በእህቴ ጊደር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት፤ ቃል በቃል።

ባናው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ደብዳቤው ብርድ ልብስ ይላል፤ እናቴ ሁለት ክረምት የፈተለችውን፣ አባቴ የሸመነውን ወፍራም የመንዝ ባና ጠቅልላ ሰጠችኝ። የዶርም ጓደኞቼ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ዘርግተው ሳይ የእኔን ከፍራሹ ሥር ደበቅኩት። ያን ያህል ነው ሞኝነቴ፤ እነሱ የለበሱት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስም የእኛው በግ ጠጉር ነበር። በኅዳር ከአሰብ የመጣ አንድ ልጅ ብርዱ ሊገድለው ደርሶ ሌሊት ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ሳልወድ አወጣሁለት። እስክንመረቅ ድረስ አልመለሰልኝም። የበግ ሽታውን ወድጄዋለሁ ይል ነበር።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መንደራችን ደርሷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ዙር በዙር እየሄደ ነበር። ስለዚያ መንግሥት ብዙ ክፉ ነገር መናገር ይቻላል፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ዘመቻ ግን ክፉ አይወጣኝም። ከእርሻ የመጡ ሽማግሌዎች ማታ ማታ በፋኖስ ተሰብስበው፣ ልጆቻቸው የሚሆኑ ተማሪዎች በዱላ እያመለከቱ፣ «ሀ ሁ ሂ» ሲሉ አድረዋል። አባቴም ገባ።

ነሐሴ 1976 ዓ.ም. ለዕረፍት አገር ቤት ገባሁ። ዝናቡ ከልክሎን ከቤት ተቀምጠን ነበር። አባቴ ተነሣና ከእናቴ ሙዳይ ውስጥ ደብዳቤውን አወጣ። ከአራት የታጠፈበት መስመር ሊበጠስ ደርሷል፤ በጥንቃቄ ዘረጋው። «ስማኝ እስቲ» አለኝ።

ጣቱን ከየፊደሉ ሥር እያሳለፈ አነበበልኝ። ጣቱ የአራሽ ጣት ነው፤ አንዱን ፊደል ሲያሳይ ሦስቱን ይሸፍናል። «የ፣ ት፣ ም... የትምህርት... ማስረጃ።» ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «ስ-ም-ን-ት... ስምንት ጉርድ ፎ... ፎቶ።» እኔ ምን እንደሚመጣ አውቄ ምድጃውን አያለሁ። «ብርድ ልብስና... አንሶላ... ይዘው... እንዲቀርቡ።» ቆመ። ቀጥሎ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን አነበበ፤ እሱን በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። ባዶውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ እንዲያውም በጣቱ ዳሰሰው። እንደገና ገለበጠና ከማኅተሙ በታች ያለውን ነጭ ቦታ ተመለከተ።

«እዚህ ላይ አለቀ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ደህና ነው» አለ። እንደነበረው በአራት አጠፈውና ወደ ሙዳዩ መለሰው። ስለ ዝናቡ አወራን። ገብሱ አመዳይ ሳይመታው ይደርስ ይሆን ስንል አመሸን።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰባት ዓመት ኖሯል። አንድም ቀን አላነሣውም። እኔም አላነሣሁም። በ1977 ዓ.ም. ተመርቄ በ500 ብር ተቀጠርኩ፤ ያን ጊዜ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ እሱ ነበር። በመጀመሪያው ደመወዜ ለአባቴ ካፖርትና ቦት ጫማ ገዛሁ። ጊደር መግዛት እችል ነበር። ጊደር ብገዛ ግን ለምን ጊደር እንደገዛሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ካፖርት ስጦታ ነው፤ ጊደር ዕዳ መክፈል ነው፤ ለመክፈል ደግሞ መጀመሪያ ዕዳውን ማመን ያስፈልጋል።

ኦዲተር ምክንያት ሲደረደር ብዙ ሰምቷል፤ የእኔንም ስሙት። በ1977 ድርቅ መንዝም ተመትቷል፤ የከብቱ ብዙው አልቋል። «ጊደሯ ብትኖርም ኖሮ በዚያ ዓመት ትሞት ነበር» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። አንድ ገንዘብ ያዥ ካዝናው ጎድሎበት «ባልወስደውም ኖሮ በእሳቱ ይቃጠል ነበር» ቢለኝ ምን እንደምጽፍበት አውቃለሁ።

አባቴ ያረፈው በ1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው። መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአርባው ስደርስ ሙዳዩን ከፍቼ አየሁ። ደብዳቤው አልነበረበትም።

እንግዲህ ምክር ነው የተባለው፤ ምክሩ ጥቂት ነው። ምደባችሁ ሲወጣ ዝርዝሩን ለወላጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ ማንበብ ለሚችሉትም ቢሆን። የሚያስፈልጋችሁን በየስሙ ጻፉት። ጫማ ከፈለጋችሁ «ጫማ» በሉ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠሩበት ማስታወቂያ ከእኔ ዘመን ደብዳቤ ብዙም አልራቀም፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ከነቅጂው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ማደሪያውና ምግቡ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ነው፤ ስትመረቁ ከምታገኙት ላይ ትከፍላላችሁ እንጂ ስትገቡ የሚጠየቅ አይደለም። ይህን ብዙ የገጠር ወላጅ አያውቅም። ባለማወቁም በሬ ይሸጣል። ንገሯቸው።

የዛሬ ልጆች ነገር ደግሞ አንዳንዴ ያናድደኛል። ውጤት በስልክ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ተነክቶ ይታያል፤ ፎቶ ተነሥቶ ለሺህ ሰው ይላካል፤ አባት የሚሰማው ከጎረቤት ልጅ ነው። ቋጠሮ በጥርሱ የሚፈታ የለም። ደብዳቤ እጁ የገባ ልጅ ቢያንስ አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት። ይህን ስል የልጄ ልጅ «አያቴ፣ አንተ ይዘህ ገብተህ አይደል እንዴ የዋሸኸው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስልኩ ቢኖር ኖሮ አባቴ ለማንም አሳይቶ እውነቱን በደቂቃ ያውቅ ነበር። ደግሞም የእናንተ መንገድ ከእኔ የከበደ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ተዘግቶባችሁ፣ መንገድ ሲከፈት እየተማራችሁ የደረሳችሁ አላችሁ። ለእናንተ ስለ ጨዋነት የምሰብክበት አፍ ያለኝ አይመስለኝም።

ከወላጅ ምንም አትደብቁ ማለቴም አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ትምህርት ልወድቅ ተቃርቤ ነበር፤ ለአባቴ አልነገርኩትም፤ አይቆጨኝም። እሱ ከእርሻው መካከል ቆሞ ስለ ካልኩለስ ምን ያደርግልኛል? እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ስለ ራሳችሁ የምትደብቁት ነገርና ከእነሱ በረት የሚያስወጣ ነገር ግን አንድ አይደለም። ይህን በቅጡ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ታሪኩን የነገርኳችሁ።

ለልጅቷ የመለስኩላት በመጨረሻ ቁጥር ነው። በየስሙ ዘርዝሬ፣ ደምሬ፣ «ከዚህ አንድ ብር አትጨምሪ፤ አንድ ብርም አትቀንሺ» አልኳት። «መቀነስ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። አፍረው ዝቅ የሚያደርጉም አሉ፤ በባዶ ሆድ ክፍል ገብተው የሚወድቁ። እንደዚያ ያለም ጓደኛ ነበረኝ፤ የእሱን ሌላ ጊዜ።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነው የተዳረችው፤ አሁን መዘዞ ትኖራለች፤ የልጅ ልጆች አሏት። ስለ ደብዳቤው ልጽፍ እንደሆነ፣ እሷን ሳላስፈቅድ እንዳላወጣው ነገርኳት። ለአርባ አራት ዓመት ያላልኩትን በስልክ አልኩት፤ መቶ ሃያው ብር ከደብዳቤው እንዳልነበረ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አባባን ማንበብ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ። በዘመቻው እሱ ከእኔ ቡድን ነው የደረሰው። መጽሐፉ አልበቃ ሲለን እቤት በአንተ ደብዳቤ ነበር የምንለማመደው። አንተ ከመምጣትህ በፊት መቼ አንብቦ ጨርሶታል! መቶ ሃያውን ስናጣው እኔ መናገር ጀመርኩ፤ እሱ ግን ‹ፊደሉን ጨርሰሻል፣ ዝም በይ› አለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁት፣ ደብዳቤውን?»

«ከእኔ ጋር ነው። ስዳር ሰጠኝ።»

መናገር አቅቶኝ ቆየሁ። እሷ ቆይታ «ምን ብለህ ነው የጻፍከው ስለ ጊደሯ?» አለችኝ። አነበብኩላት፤ «ቀይ ቦቃ ነበረች» እስከሚለው።

«ወንድም ጋሼ፣ ቦቃዋ እናቷ ናት» አለች። «ጊደሯ ጥቁር ነበረች። ደግመህ አንብበው እስቲ።»